እርጥቡን አትዝጋው

የፊተኛው ብሩሽ ሞጣ ላይ ሞተብኝ፤
ጥፋቱም የኔ ነው፣ ማንም አልነካብኝ።
ከነእርጥበቱ በላስቲክ ቋጥሬ፣
ሦስት ቀን በሻንጣ ከመዝገብ ጋር አስሬ፣
ስፈታው ሸተተኝ ያደረ እንጉዳይ፤
ፀጉሩም ረገፈ ጉንጬና አገጬ ላይ።
በማግስቱ ችሎት ስም ስጠራ ቆሜ፣
«አቤት» የሚል ጠፍቶ ደግሜ ደጋግሜ፣
ዳኛዋ ቀስ ብለው፣
«ጸሐፊ፣ ምነው ፊትህ ጭራ አበቀለ?»
ባለጉዳዩ ሳቀ፤ ጠበቃውም ሳለ።

ሥራዬ መዞር ነው፣ ከችሎት ጋር መዞር፤
ሰኞ ቢቸና መዋል፣ ሐሙስ ደጀን ማደር።
ለባለጉዳይ ዓይን ጸሐፊም መንግሥት ነው፤
ያልተላጨ መንግሥት ማን አለና ሊያምነው!

ማርቆስ ስመለስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
አያ ልየው ጋ፣ ጸጉር ቤቱ ስገባ፣
ከሰላምታው በፊት ጉንጬን አየና፣
«ማነው ያረደህ?» አለኝ፣ ወንበሩን ጠረገና።
ነገርኩት። ዝም አለ። መሳቢያውን ከፍቶ፣
አራት ብሩሽ ደረደረ ፎጣ አንጥፎ፣ አቅንቶ።

«ይሄ ናይሎን ነው፤ ውሃ ጠጥቶ አያውቅም፣
አረፋ ያሯሩጣል እንጂ አያስነሣም።
ይሄኛው የከርከሮ ነው» (ድምፁን ቀነሰው)፣
«ፍልሰታ ቢወጣም ፊቱን ማን ያስልሰው?
ባለቀንዱ ያምራል፤ እጀታው ይከብዳል፣
በቤቱ ይኑር እንጂ መንገድ ምን ይወዳል?»
አራተኛው አጭር፣ እጀታው የወይራ፣
ፀጉሩ ከአገው ምድር፣ የባዝራ ጭራ።
«ጎትተው» አለኝ። ጎተትኩ፤ አንድም አልወጣ።
መዳፌ ላይ አስተኛሁት፤
ነፋስ እንዳለፈበት የጤፍ ማሳ ቀና ብሎ መጣ።

ዋጋውን ተከራከርን እስከ ቀትር ድረስ።

«መግዛቱ ምን አለ፣ ማስኬዱ ነው ግብሩ፤
ከጫፉ አይደለም መበስበስ፣ ከሥሩ።
ስትጨርስ አራግፈው እጅህ እስኪዝል፤
በፎጣ አትሸው፤ ቁልቁል አንጠልጥል።
መኪና ቢያጣድፍህ፣ ዝናብ ቢመጣ፣
የፈለገው ቢሆን፣ ልጄ፣
እርጥቡን አትዝጋው።»

ከእንጅባራ የመጣ ቀርከሃ ነበረው፤
አንድ አንጓ ቆረጠ፣
ወስፌ አጋለና ጎኑን ሰባቴ በሳው።
አፉ ላይ አንድ ቡሽ፣
ውስጡ ደግሞ ብሩሽ።
ብሩሹ ሳይገባ ዋሽንት መስሎኝ ነፍቼው ነበር፤
የጭስ ሽታ ብቻ መለሰልኝ።

በነሐሴ፣ ደጀን። ዓባይ ከታች በጉም ተሸፍኖ፣
አልጋ ቤቱ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ተክኖ።
አያ አንሙት ይባላል፤ ከኩራር ቆላ ነው፤
ጺሙን ያሳደገው ልጁን ቀብሮ ነው።
ለምስክርነት ጠዋት ስሙን ስጠራ
ሁለቴ «አቤት» ብሎኛል፤
አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለማን እንጃ።

«አርባው ትናንት ወጣ፤ እናቱ ‹በቃህ፣ ተላጭ› አለችኝ፤
ምላጭስ ገዛሁ፤ እጄ ናት እንቢ ያለችኝ።»

ሙቅ ውሃ በጣሳ ለመንኩ። ቀርከሃውን ከፈትኩ።
አረፋውን እያዞርኩ ጉንጩ ላይ አበዛሁ።
ነጭ በነጭ ላይ።
ምላጩ ሲወርድ፣ ከአረፋው ጋር ሌላም ነገር ወረደ፤
እጄን አቆምኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤
መስኮቱም ጉም ብቻ ነበር።

ስንጨርስ አገጩን ዳበሰው እንደ ሰው ዕቃ፤
«እሱን መሰልኩ» አለ። በቃ።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት የማርቆሱ አውቶቡስ ጮኸ።
ብሩሹ አልደረቀም፤ በነሐሴ ጉም ምን ይደርቃል?
ከጥቁሩ የባዝራ ጭራ መሀል
አንድ ነጭ ፀጉር ይታያል፤
አልነቀልኩትም።
ቀርከሃውን ኪሴ ከትቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣
እስከ ሉማሜ ድረስ ክንዴን ዘርግቼ፣
ለነፋስ ሰጠሁት።

ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበል መጥቶ፣
«ጋሼ፣ ምንድነው እሱ?» አለኝ።

«እርጥብ ነው» አልኩት።