ደወል የተቀበረበት

ኅዳር ነው በጌንት፤ ወንዙ ጉሙን ለብሶ፣
ዝናቡም ሄድኩ ብሎ ይመጣል መልሶ።
ጎዴሊቭ አገር ትነድፋለች፣ የትም የሌለ አገር፤
እኔ ቀለም አዋህዳለሁ፣ በቀን ሒሳብ፣ ያለ ነገር።

ተራራው እንዴት ያምር ነበር! ጥላው፣ የበረዶው ጫፍ፣
ባሕሩም ከነሞገዱ፣ ከገደሉ አፋፍ።
አላፊ አግዳሚው ግን፣ ከመስኮቱ ሥር ተጠልሎ፣
ትራሙ ሲመጣ ይሄዳል፣ «ቆንጆ ነው» ብሎ።

«ውበት መንገደኛ አያቆምም» አለች አንድ ማታ፣
መነጽሯን ጠርጋ፣ ብዕሯን አንሥታ፤
«ስም ነው የሚያቆም፤ ያውም ጎዶሎ ስም፣ ግማሹን የዋጠ፣
ገርበብ ካለ በር ሥር እንደ ብርሃን ያመለጠ።»

ጻፈችም።
ከኮረብታው ግርጌ፦ ደወል የተቀበረበት።
ከረግረጉ አጠገብ፦ ሦስቱ ዳኞች የሳቁበት።
ከወንዙ መታጠፊያ፣ ቤት ከሌለበት ሜዳ፦
የመጨረሻው እንግዳ።
ከባሕሩ ዳር አንዲት ነጥብ፣ የዝንብ ዓይን የሚበልጣት፣
ስሟ፦ ለእናቴ አትንገሯት።

በማግስቱ ዮሪስ መጣ፣ የዓሣ ሻጯ ልጅ፤
ትምህርት ቤት መሄዱን ትቶ ቆመ ከደጅ፣
አፍንጫውን መስታወቱ ላይ እስኪጠፈጠፍ አጣብቆ።
በመጨረሻ ገባ፣ ካፖርቱ ጠብ ጠብ እያለ፣ ተሳቅቆ፦
«ደወሉን ማን ቀበረው?»
«እኔ ምን አውቄ!»
«ሞቶ ነው?»
ዝም አለች። ቀለሙ እጄ ላይ ደረቀ።

ሐሙስ ተመልሶ፦ «ደርሼበታለሁ፤ አልሞተም።
ጦር ሲመጣ ነው የደበቁት፣ አቅልጠው መድፍ እንዳያደርጉት።»
«ታዲያ ሰላም ሲሆን ለምን አላወጡትም?» አልኩት።
ትከሻውን ነቀነቀ፦
«እሱንማ ሦስቱን ዳኞች ጠይቃቸው።»
ጎዴሊቭ አልሳቀችም። ብዕሯን ነከረች፤
ከኮረብታው እስከ ረግረጉ ቀጭን መንገድ አሰመረች።

ያን ዕለት ማታ፣ ከቤቴ በር፣ ቁልፌን ይዤ ቀረሁ።
ከግድግዳው ላይ፣ ከሰማያዊው ቆርቆሮ፣ ቀና ብዬ አየሁ፦
የዕውሩ ፈረስ ጎዳና።
ሰባት ዓመት ለባንክ፣ ለሐኪም፣ ለቀጣሪ ስጽፈው፣
አንድ ቀን እንኳ አላነበብኩትም፤ እጄ ነው የሚያውቀው።
የማን ፈረስ? ዓይኑንስ ምን ነካው?
በዚህ ኮረኮንች ላይ ማን ጎተተው? ወይስ እሱ ነው ሰውን የመራው?

ሌዮንቲን ከላይ መስኮቷን ከፈተች፣ በሌሊት ልብስ፣
«ቁልፍ ጠፋብህ?» አለች፣ ዝናቡ ፊቴን ሲያርስ።
«አልጠፋም። ፈረሱ…» አልኩ፣ «ፈረሱ ምን ሆኖ ነው?»
ሰባት ዓመት ከሰላምታ ያላለፍን ሰዎች።
ጥቂት ዝም አለች።
«ቆይ» አለች፣ «ልውረድ።»