ማቅ ላይ የተቀባ

ካስል። ምድር ቤት። የጥገና ክፍል።
መብራቱን ከጎን አጋድሜ ለቀቅኩበት፤
ልሙጥ የመሰለኝ ግራጫ ድንገት ተነሣ፤
ሸንተረር፣ ጉብታ፣ የጣት ፈር፣ ጠባሳ፣
እንደ ሰኔ ማሳ።

ጀርባውን ገለበጥኩት። ሸራ አይደለም፤ ማቅ ነው፤
የድንች ጆንያ፤ ቁጥሩ ዛሬም ይነበባል፤
ሃምሳ ኪሎ።
ሸራ ከየት ይምጣ በዚያን ጊዜ፣
ከተማው ፍርስራሽ ሆኖ
በባልዲ እየተሰፈረ በጋሪ ሲወጣ?
ሰው ሁሉ የሚለብሰውን ማቅ
ኢርምጋርድ ቮልራት ወጠረችው፤
በአራት ሚስማር፣ ከተቃጠለ በር በተረፈ እንጨት።

ቀለምም አልነበራት።
ማስታወሻዋ አብሮ መጥቷል፤
በእርሳስ፣ በዳቦ ራሽን ካርድ ጀርባ፦
«ጡብ፣ የተወቀጠ፤ ሁለት ጭልፋ።
የአጥንት ሙጫ። ኖራ።
የምድጃ አመድ፤ ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ጥላሸት።
ሰማያዊ፤ ያለኝ አንድ ቱቦ፤ ለመጨረሻ።»

እጇ አመድ አፋሽ ነበር፣ በሰሙም በወርቁም፤
አፍሳ ለቀለቀች፤
ያመሰገናት የለም።
«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ለማየት የመጡት፣
አዲስ ኮት የደረቡት፤
«ዛፍ የለው፣ ፈረስ የለው፣ የሰው ፊት እንኳ የለው!»
ዛፉንማ ፈልጠው ሞቀውታል፣
ፈረሱንም ቀቅለው በልተውታል፣
በዚያ የበረዶ ክረምት።
ፊቱን ነው እንጂ...
በጎረቤቱ ባዶ ቤት መጋረጃ የሰቀለ፣
ወዴት ሄዱ ብሎ ያልጠየቀ ሰው
ለመሣል ምን ፊት አለው?

ማንም አልገዛትም። ከሰል ሻጩ ቴኒየስ ብቻ
ስለ ዕዳዋ ወሰደው፣ ስለ ሦስት ከረጢት ከሰል።
ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ በመዳፉ አየው፤
ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ፣
ልክ የታመመ በሬ እንደሚዳስስ።
ግራ ጥጉ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።
«ይሄ የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ነው» አለ።
ሌላ አልተናገረም።
ወስዶ ከምድጃው በላይ ሰቀለው።

ሃምሳ ዓመት ሙቀት ጠበሰው።
ግራጫው እንደ ተረከዝ ተሰነጠቀ፤
ከስንጥቁም ሥር፣
ጥፍር በማታስገባ መስመር፣
ሰማያዊው ብቅ አለ።
አጉልቼ አየሁት፤ ከሁሉም በታች ነው ያለው፤
ከጡቡ በፊት፣ ከአመዱ በፊት የተቀባ።
«ለመጨረሻ» ያለችው እንግዲህ
የሷን መጨረሻ አልነበረም።

ሙዚየሙ ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ «ስንጥቁ ይሞላ።»
ሙሌቱን በጠበጥኩ፤ ቀጭኗን ቢላ ያዝኩ፤
ሙሌቱ በሳህኑ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ቆምኩ።
ከዚያ ስንጥቁን ትቼ ቅጹን ሞላሁ፤
«የተሠራ ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት
«አቧራ ተጠርጓል» ብዬ ፈረምኩ።

እሱም ደፍሮ እውነት አይባል፤
ብሩሼን ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ መለስኩ፤
የቱ አቧራ፣
የቱ ሥዕል እንደሆነ
መለየት አቅቶኝ።