ስንጥቁ ወደ ታች ነው የሚያድገው

ነሐሴ ነው ባርካ፤ ጥላ ራሱ ይሻል ጥላ፣
ባሕሩ ከቴምሩ ማዶ ድምፅ ሳያሰማ ሲፈላ።
ረይሃና አነከሰች። የፊት ቀኝ እግሯን አንሥቼ፣
ጉልበቴ ላይ አሳርፌ፣ አሸዋውን ጠርጌ አይቼ፣
ከሰኮናዋ ጫፍ ሽቅብ አንድ ስንጥቅ አገኘሁ፤
ክብሪት እንጨት የሚያስገባ። «የኔ ነው ጥፋቱ» አልሁ።

ጠዋት በጎማ አጠብኳት፣ ማታም በጎማ አጠብኳት፣
ለጌታዬ ዓይን እንድታምር፤ ፀሐይ ደግሞ አደረቀቻት።
ራሰች፣ ደረቀች፤ ራሰች፣ ደረቀች፤
የጭቃ ቤት ግድግዳ ሆና ከእግሯ ጀምራ ነቃች።

ሙራድ መጣ፣ ባሉቹው፣ ሽማግሌው ብረት ገጣሚ፤
ለሰው ቃል ቆጣቢ፣ ለእንስሳ ሕመም ሰሚ።
ሞረዱን አወጣ፤ ከስንጥቁ ራስ በላይ
አግድም ጭረት ጫረባት፣ ዳግም ሽቅብ እንዳያይ።
ጫፏን አሳጠረ፣ መሬት እንዳይገፋው ብሎ፤
ከዚያ በተሰባበረ ዐረብኛ፣ ወገቡን ይዞ ቀና ብሎ፦

«ስማ፤ ሰኮና ሥጋ አይደለም፤ አይገጥምም፣ አይሽርም።
የተሰነጠቀው ተሰንጥቋል፤ ምንም ብትቀባው አይድንም።
አዲሱ ከላይ ይበቅላል፣ ከፀጉሯ ሥር፣ ከቆዳው፤
አሮጌውን ቁልቁል ይገፋል። ያንተ ድርሻ መጠበቅ ነው።
በወር የጣትህን ጥፍር ያህል። ዓመት ይፈጃል። ጠብቀው።»

ዓመት።
የኔም ውል የቀረው ያው ነበር።

ውሃውን ተውኩት። በደረቅ ብሩሽ ብቻ።
ማታ ማታ ቅጥራን፣ ጥቂት፣ በጣቴ ጫፍ፤
በሳምንት አንዴ የንብ ሰም፣ አሸዋ እንዳይጠጣ የስንጥቁ አፍ።
ሰሙ በእጄ ነው፤
ወርቁ ከላይ፣ በራሱ ጊዜ ነው የሚወርደው።

ተልባ ገዛሁ ከቢጁ፣ ከኬረላው ባለ ሱቅ፤
«ለፈረስ?» ብሎ ሳቀ። አዎ፣ ለፈረስ። ወቅጬ፣ ከአልፋልፋዋ ጋር ድብልቅልቅ።
(ቢንጫጫም ያው በአንድ ሙቀጫ ነው።)
ሌሊት ካልሲዬን ሳወልቅ ተረከዜም ንቃቃት ነው፤
ያንኑ ቅጥራን ቀባሁት።
እኔና እሷ አንድ ዓይነት ሸተትን።

እንጅባራ፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ የአባቴ ፈረስ ብረት አያውቅም፤
አባቴ ግን ሰኮናውን በመዳፉ መታ አድርጎ ሳይሰማ አይጭንም።
እኔም መታ አደርጋለሁ። የረይሃና ድምፅ
በመጀመሪያ የተሰነጠቀ ገንቦ ነበር።
ጥር ላይ፣ እንጃ፣ ትንሽ ከበሮ።

ከዚያ በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ የጌታዬ ልጅ ሀይሰም መጣ፤
በዓል ነው፣ በባሕሩ ዳር ግልቢያ አለ፣ የብር ኮርቻ ወጣ።
«ጫንልኝ» አለ።
«አልጭንም።» ይህ ድምፅ ከየት መጣ?
ክብሪት እንጨቱን ከስንጥቁ አስገብቼ አሳየሁት፤
እስከ ሥጋዋ የቀረውን በጣቴ ለካሁለት።
ዝም ብሎ አየ። ሌላ ፈረስ ጫነ።
በወር መጨረሻ ደመወዜ በአምስት ሪያል ቀነሰ።

በጋጣው መቃን ላይ በሚስማር ወር በወር እየጫርኩ፣
ስንጥቁ ከላይ ሲለቅ፣ ቁልቁል ሲሸሽ አየሁ።
ጥፍር። ሌላ ጥፍር። ከላይ የመጣው ደንዳና፣ ልሙጥ፣ ጥቁር፤
ትላንት የተሠራ ይመስል ነበር።

ነሐሴ ዞሮ መጣ። ትኬቴ በአሥራ ሁለት፣
የሙራድ ቀን በሃያ። ለመንኩ ስምንት ዕለት።
«ለጥፍር?» አለ ጌታዬ።
«ለጥፍር» አልኩት።
ራሱን ነቅንቆ ፈቀደ፤ ለቲኬቱ ቅጣት እኔ ከፈልኩት።

ሙራድ መቁረጫውን ጨበጠ። ቀጭ አደረገው።
የመጨረሻው ስንጥቅ ከቁራጩ ጋር አሸዋው ላይ ወደቀ፤
ሙራድ ጥርስ በሌለው ድዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።
ረይሃና እግሯን አወረደች፣ አራቱንም እኩል ረገጠች።
ቁራጩን ለማስታወሻ ላነሣ ስል የጋጣው ውሻ ቀደመኝ፤
ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ተጋደመና፣
ዓመቴን በጥርሱ እያገላበጠ፣ ቀስ እያለ ቆረጠመኝ።