የዋንዛ ውታፍ

ብሎኖቹ ላልተው መስታወት ቢያዘምም፣
ስምንት መቶ ብሎ ዋጋ ጠራ ተማም።
«ላስብበት» አልኩት።
ከሂርማታ ገበያ ፊሸር ገዛሁለት፣
ካቻቢቴ ይዤ ገባሁ መታጠቢያ ቤት።

ውጭ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ያንኳኳል።

ዝገቱን በዘይት ባርሰው ነከሰ፤
ብሎኑ አቃሰተ፣ ኖራው ፈረሰ፣
ከጉድጓዱም ወጣ የዋንዛ ውታፍ፣
አባባ በቢላ የላገው በሰያፍ።

አዲሱ ፊሸር ግን ጭቃው ውስጥ ዞረ፤
ስጠመዝዘው ዋልኩ፣ ሲያሾፍብኝ ቀረ።
ከሰባራው በርጩማ እግሩን ሰነጠቅሁ፣
እንደ እሱው ላግኩና በመዶሻ መታሁ።

እሱ የሰቀለው ለራሱ ቁመት ነው፤
ዕድሜ ልኬን ግንባሬን ብቻ ነው የማየው።
ስንዝር ዝቅ አደረግሁት።
ለካ አገጩ፣ ያ ስርጉዱ፣
እኔ ላይ ነው።

አንድ ብሎን ተርፏል። ከየት እንደሁ እንጃ።