ነጩ ለከፋይ

ነጩ ለከፋይ ነው፣ ሮዙ ለሬጅስትራር፣
ቢጫው ከጥራዙ ጋር ተሰፍቶ የሚቀር።
ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ሳትል፣
ብዕሯን ከካርቦኑ ሳትነቅል፣
«ስም?» አለችኝ።
ሙንተሃ ይማም። የፊዚክስ ምሩቅ።
አራት ዓመት ክር መርማሪ፣ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ።
ይሄን ሁሉ አልጠየቀችኝም፤ እኔው ነኝ ለራሴ የምለው።
ደሴ ደመና ወርዶባታል፤
ጦሳ መኖሩን የሚያውቀው ትናንት ያየው ሰው ነው።

ዲግሪማ አለኝ።
ትምህርት ቢሮ ወንበር ስበው፣ በትሕትና ነው የነገሩኝ፦
«የማስተማሩን ሙያ ተምረሽ፣ ፈተናውን አልፈሽ፣ ያኔ ፈቃድ፤
አለዚያ ለሹም ልጅም አይፈቀድ።»
ዝርዝሩን በእጃቸው ጻፉልኝ፦ ምዝገባ፣ ኮርስ በክሬዲት፣ ልምምድ፣ ፈተና፤
ከድምሩ ሥር ሁለት መስመር አሰመሩ፣
ቁጥሩ ሐሳቡን እንዳይለውጥ እንደገና።

ማታ ከፈረቃ ወጥቼ፣ የቦርከናን ድልድይ ስሻገር፣
አሰላሁት፣ ደግሜ አሰላሁት፣ መልሱ ያው ነበር፦
የስምንት ወር ደመወዝ፣
ሳልበላ፣ ሳልታመም፣ የቤት ኪራይ ሳልከፍል።
ሰበቃ የሌለበት ጉዞ መጽሐፍ ላይ ነው፤
መንገድ ላይ ማን አይቶት ያውቃል?

ብድርና ቁጠባው «ዋስ» አለኝ፣ «ሁለት፣ ደመወዝተኛ»፤
አንዱ ለጡረታ ሁለት ወር ቀርቶታል፣
ሌላው በሰው ዕዳ እስረኛ።

ወንድሜ እንድሪስ ባጃጁን አቁሞ ሳቀ፦
«እኔ መንጃ ፈቃድ በሦስት ወር ያዝኩ፣ አንቺ ለጠመኔ ፈቃድ!
ጠመኔ ደግሞ ሰው ይገጫል?»
«ይገጫል» አልኩት።
«ሰባተኛ ክፍል የገጨኝ አለ።
‹ይቺ ሒሳብ አይገባትም› ብሎ ጥግ ያቆመኝ፣
እስከ ደወል።
ጠባሳው አይታይም እንጂ፣ እስከ ዛሬ
ሳባዛ እጄ ይርዳል።»
ዝም አለ። ሞተሩን አስነሳ፣ ሄደ።
በማግስቱ ለጎማ የያዘውን ብር
በፌስታል ጠቅልሎ፣ ትራሴ ሥር ወሸቀ።

የቀረውስ?
የቀረው የእቁብ ነው፣ የማጠንጠኛ ክፍል እቁብ።
ዕጣው ለኔ አልወጣም፤ ለእትዬ ደብሪቱ ወጣ፣
ሁለት ክረምት ሙሉ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ስትል ለኖረችው።
ዓይኔን አየችኝ። ዳኛውን «ለሷ ስጥልኝ» አለችው፤
«ግን በነጻ አይደለም፤
ኪሩቤልን፣ የልጄን ልጅ፣ እሁድ እሁድ ታስጠኚልኛለሽ።»
«እትዬ፣ ፈቃድ የለኝም እኮ!»
«ለኔ ቤት» አለች፣ «ፈቃጇ እኔ ነኝ።»

ዝናቡ ዘንድሮ ቸኮለ።
እሁድ በጣሪያው ቀዳዳ ይንጠባጠባል፣ ከጠረጴዛው ጎን፣
የኔ ምዝገባ፣ የኔ ክሬዲት፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ባልዲው ውስጥ።
ማፈሬን ኪሩቤል እንዳያይ ብዬ፣ ሜትር አምጣ አልኩት፤
ከቆርቆሮው እስከ ባልዲው ለካን፤
ሁለት ሜትር ከሃምሳ።
«እየወደቀ ይፈጥናል ወይስ እኩል ነው የሚሄደው?»
ልጁ አንገቱን ሰብሮ አዳመጠ፣ ቆየ፣ ቆየ።
እኔም አላስቸኮልኩትም።
ከጓዳ እትዬ ደብሪቱ፦ «መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ ኋላ ይፈጥናል፤
እንደ ዕዳ ነዋ!»
ሦስታችንም ሳቅን። የኔ ሳቅ ቀድሞ አለቀ።

ቅዳሜ፣ ደሴ፣ የፈተናው አዳራሽ፤ ኮምፒውተሩ ሁለቴ ጠፍቶ በራ፤
ጥያቄ አርባ አንድ፦ «ተማሪው መልስ ቢዘገይ፣ መምህሩ ምን ይሥራ?»
አራት ምርጫ ነበረው።
እኔ የሰማሁት ጠብታ ነው።
አንዱን መርጬ አለፍኩ፤ እጄ አልራደም።

ውጤቱ ገና ነው።
የእቁቡ ስድስት ዙር ይቀረኛል።
ነጩ ደረሰኝ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤
ስሜ ይነበባል፣ የብሩ ልክ ደብዝዟል።
እትዬ ደብሪቱ ቆርቆሮ ጠይቃ ተመለሰች፤ ጨምሯል።
ኪሩቤል ግን
ባልዲውን ገፋ አድርጎ፣ ወንበሬን ከሚያፈሰው አሽሽቶ፣
እሁድ ይጠብቀኛል።