አፍ የሌለው

ነገ ለዘጠነኛ «ሐ» የማስተምረው ትል፣
ጨለማ ባሕር ሥር ተተክሎ የሚውል፣
አፍ የለው፣ ሆድ የለው፣ ዓይን አልተሠራለት፤
ምድር ተሰንጥቃ ፍል ውኃ ስትተፋበት
ድኙን ተቀብሎ፣ በደሙ ተሸክሞ፣
ወደ ውስጥ ያደርሳል፣ አንዴም ሳይቀምስ ቆሞ።
ውስጡ ተከራይ አለው፤ እልፍ ነው፣ አይታይም፤
ኪራዩን በብር፣ በወር አይከፍልም፤
ያለ እሳት፣ ያለ ብርሃን፣ ከዚያው ከመርዙ ላይ
ቀለብ ይሠራለታል። ባለቤትና ተከራይ፣
ማን ማንን እንዳኖረ
አጥርቼ ሳልጽፍ

መብራት ሄደ። ታቦር ሥር የቆመች
አንዲቷ ክፍላችን የባሕር ወለል ሆነች።

በሩ ተንኳኳ። እህቴ አርፋሴ ናት፣
ከፓርኩ ሰርቪስ ወርዳ፣ ፈረቃው አድክሟት፣
ቅንድቧ ላይ ነጭ የጨርቅ ብናኝ አርፎባት።
አራት ዓመት ሙሉ እሷ ስትሰፋ
እኔ ተማርኩበት፤ ፀሐይዋ ስትጠፋ
የእኔ ወጣች መሰል።

ከሰል ላይ የሞቀ ውኃ በሳፋ አቀረብኩላት፤
ያበጠ እግሯን እያሸሁ የትሉን ነገር አወራሁላት።
ዝም ብላ ቆየች። በመስኮቱ ስንጥቅ
የቄጠማ ሽታ ገባ ከወደ ሐይቅ።
«አፍ ከሌለው ታዲያ፣» አለች ዓይኗን ጨፍና፣
«በምን ይናገራል ያንን ሁሉ ምስጋና?»

መልስ አጣሁ። ይህ በዝግጅት ደብተሬ የለም።
እዚህ ስምጥ ሸለቆ፣ ከእግራችን ሥር፣ ምድር
ቀስ እያለች ትሰነጠቃለች ይላል መጽሐፉ፤ አንድ ቀን ባሕር
ይገባል።

ሳፋው ቀዝቅዞ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ፤
ፍሉን ጨመርኩበት፣
በጠርዙ በኩል፣ በቀስታ፣ እንዳላቃጥላት።