አላቂ ዕቃ

እኔ ሒሳብ ሹም ነኝ፤ ግጥም የት አውቄ፣
ሃያ ዓመት የኖርኩኝ ከቁጥር ተናንቄ።
ዘንድሮ ግን አንድ መስመር ከመዝገቡ መሐል
ሌት ሌት እየመጣ እንቅልፍ ይነሣኛል።

እንዲህ ነው የሚለው፦
«አላቂ ዕቃ። ሶፍት፣ ጠመኔ፣ ቀለም።
ሉባባ ይመር። ብዛት፦ አንድ።» ሌላ የለም።

የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ነው፣ አልክድም፤
ደመወዝ እንዳልል መዋቅሩ አይፈቅድም።
ጥገና ልል አሰብኩ፤ መመሪያው ዘርዝሯል፦
በር፣ መስኮት፣ ወንበር… ልጅ ግን የት ተጽፏል?

በፕሮጀክት ነው የመጣች፣ ለስድስት ወር ብቻ፤
አንድ ሻንጣ ይዛ፣ ከታች፣ ከኮምቦልቻ።
ክፍል ስጡኝ ስትል የስፖርት ዕቃ ቤቱን
ከፈትንላት፤ ልናወጣ ስንል አሮጌ ኳሶቹን
«ተዉልኝ» አለች፣ «ነፋስ የጨረሱትን።»
በሩ ላይ ሦስት ቀዳዳ። የምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤
ልጆቹ በማስቲካ ደፍነውታል።

መጀመሪያ የጠየቀችን ገንዘብ አልነበረም።
«ይህን ቸርኬ አውርዱት፤ በብረት አትምቱት።
ሲደወል ስንቱ ልጅ ከዴስክ ሥር እንደሚገባ
አይታችሁ ታውቃላችሁ?»
አላየንም።
እኛ የምንሰማው ደወሉን ለሻይ ነው።
ከዚያ ወዲህ አያ ውዱ፣ ዘበኛው፣ ፊሽካ ይነፋል።
ወጪ፦ ዜሮ ብር፣ ዜሮ ሳንቲም።

ኑርልኝ የሚባል የሰባተኛ ልጅ አለ፤
ሁለት ቀብራ ሦስተኛውን ስትወልድ
እናቱ ለምና ያወጣችው ስም ነው።
ያኔ ከተማው ሲሸሽ በሐረጎ ቁልቁል
እጇን ይዞ ወረደ፤
ሽቅብ ሲመለስ ብቻውን ነበር።
ለማኟ ሄደች፤ ልመናው በልጁ ላይ ቀረ።
ስሙን ስንጠራ «አቤት» አይልም፤
መምህራኑም ቀሪ ሳይሉት፣ አለም ሳይሉት፣ ዘለሉት።

ሉባባ ምን አለችው? እኔ እንጃ።
በመስኮት ሳልፍ የማየው አንድ ነገር ነው፦
ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለቱ አጎንብሰው
የፈነዳ ኳስ ይሰፋሉ።
ክር፣ ሁለት ጥቅል። ወስፌ፣ አንድ።
መዝግቤዋለሁ።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ደብዳቤዬን ይዤ
ወደ ገንዘብ መምሪያ ወጣሁ፣ በጉም ተከልዬ፤
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ውጧታል።
«የበጀት ጣሪያችሁ» አለኝ ሰውዬው፣ «ሞልቷል።»
«ጣሪያችንማ ወንፊት ነው፤ ሰማይ ያሳያል።»
አልሳቀም። እኔም ለሳቅ አላልኩትም።
«መምህር ጎድሎ፣ መጽሐፍ ጎድሎ፣
ለወግ የሚሆን ሰው ይቀጠራል?»
ክፉ ሰው አይደለም።
ውጭ አንድ የጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ
ማኅተሙ ከእጁ ወደቀ፤
ሁለታችንም ጎንበስ አልን፣
እሱ ማኅተሙን የፈለገ መስሎ፣
እኔ ያገዝኩት መስዬ።

ያን ዕለት ማታ ነው መስመሯን የጻፍኳት።

ኦዲተሩ የባሕር ዳር ሰው ነው፤ የደሴ ብርድ አኮራምቶታል።
ጣቱን ሉባባ ላይ አቆመ።
«ይቺ ሰው አይደለችም እንዴ?
ሰው አላቂ ነው?»
«ነው» አልኩት። «አይተናል።»
ብዙ ቆየ። በሩን አየ፤ ማስቲካውን አየ።
ከዚያ በቀይ አከበበው፦
«እስከ ሰኔ ሠላሳ ይስተካከል።»

ትናንት ከቢሮዬ ደፍ ኑርልኝ ቆሞ አገኘሁት፤
ኳስ በብብቱ።
ድምፁን አላውቀውም ነበር፤ ሲዘጋ የልጅ፣
ሲከፈት የጎረምሳ ሆኗል።
«ጋሼ፣ ሰኔ ሠላሳ ስንት ቀን ቀረው?»

እኔ ሒሳብ ሹም ነኝ።
ቀን መቁጠሪያው ከፊቴ ተሰቅሏል።
ጣቴን አነሣሁ፤
ዛሬን ልቁጠረው?
አልቁጠረው?